«ልጄን ምን አሉብኝ?»

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

ባለፈው ወር በዚህ ገጽ ልጆችን ሶላት ስለማስለመድ ተወያይተናል። ለዚህ ወር ያሰብኩት ሌላ ርእስ ነበር። ይሁን እንጂ አንዲት እናት ሐሳቤን አስለወጡኝ። አንድ ሐሙስ ማታ፣ ከመግሪብ በኋላ፣ መድረሳ ውስጥ ልጆች እያስቀራሁ ሳለ እኒህ እናት መጥተው በር ላይ ቆሙ። «ይግቡ» ብላቸው እምቢ አሉ። ልጆቹን አሰናብቼ ስወጣ ሰላምታዬን በወጉ እንኳ ሳይመልሱ፣ «ኡስታዝ፣ ልጄን ምን አሉብኝ?» አሉኝ።

ልጃቸውን አውቀዋለሁ። ቀን ቀን በማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ማታ ማታም እኔ ዘንድ ቁርኣን ቀርቷል። 12ኛ ክፍልን ጨርሶ የመልቀቂያ ፈተናው አልመጣለትም። በዚህ ብቻውን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። ቀሪው ወጣት አብዛኛው ቤት ተቀምጧል። በዚህ መሃል ሞንታርቦ የጫነች መኪና ለመከላከያ ሠራዊት ተመዝገቡ እያለች በሰፈሩ ዞረች። ልጁ ለእናቱ ሳይነግር የትምህርት ማስረጃውንና መታወቂያውን ኮፒ አስደርጎ ፍራሽ ሥር ደበቀ። እናት ቤት ሲያጸዱ አገኙት። ሲያፋጥጡት፣ «አገርን ማገልገል ዒባዳ ነው ብሎ ኡስታዝ አስተምሮናል» አላቸው።

እውነት ነው፣ ብያለሁ። ስለ 1967ቱ የእድገት በኅብረት ዘመቻ በማስተምርበት ጊዜ፣ ኒያው ከተስተካከለ አገርንና ሕዝብን ማገልገል ዒባዳ ይሆናል ብያቸዋለሁ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ ነበር የተናገርኩት። ግማሽ ትምህርት ይዞ የወጣ ልጅ ደግሞ ቀሪውን ግማሽ በገዛ ሕይወቱ ሊማረው ነው።

እኒህ እናት የሚፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1981 ዓ.ም. እሳቸው ገና ልጃገረድ ሳሉ ታላቅ ወንድማቸው ጨው ሊገዛ ገበያ እንደ ወጣ በአፈሳ ተወሰደ። ከዚያ ወዲያ አንድ መልእክት ብቻ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። «እናቴ ማታ ማታ የበሩን መቀርቀሪያ ሳትዘጋ ነው የኖረችው። በሩን ቢያንኳኳ እንዳልሰማው ትል ነበር። እንደዚሁ ሆና ሞተች» አሉኝ። የአባታቸው ውርስ ሲከፈልም የወንድማቸው ድርሻ ለብቻው ተቀምጧል። «ሞተ እንዳንል መርዶ የለን፣ አለ እንዳንል ሰው የለን» አሉ።

በፊቅህ ኪታቦች እንዲህ ያለው ሰው «መፍቁድ» ይባላል፤ ያለበት ያልታወቀ፣ የጠፋ ሰው ማለት ነው። ገንዘቡ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሚስቱ እስከ መቼ እንደምትጠብቅ ዑለማኦች በዝርዝር ጽፈዋል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሚስቱ አራት ዓመት እንድትጠብቅ፣ ከዚያም የባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ እንድትቆጥር መፍረዳቸው ተዘግቧል። ለሚስት የመጠበቂያ ጊዜ ተወስኗል። ለእናት ግን የወሰነላት የለም።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ የዚህን ወር ገጽ ለዚህ ጥያቄ አውየዋለሁ። መንግሥት ለውትድርናም ሆነ ለሌላ ብሔራዊ አገልግሎት «ና፣ አገልግል» ብሎ ልጆቻችንን ሲጠራ ሙስሊም ቤተሰብ ጥሪውን በምን ይመዝነው? እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋ የሚሻ ሰው ዑለማኦችን ይጠይቅ። እኔ የማቀርበው አንድ መምህር ከታሪክም ከዲንም የሚያውቀውን ነው።

አገልግሎት ለእኛ እንግዳ አይደለም

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሙስሊም ለሚኖርበት ማኅበረሰብ ደንታ ቢስ እንዲሆን ዲናችን አላስተማረም። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና በጠላት ልትከበብ በተቃረበች ጊዜ የመከላከያው ጉድጓድ፣ ኸንደቁ፣ ሲቆፈር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆመው አላዘዙም። ራሳቸው አፈር ተሸክመዋል፤ አቧራው ገላቸውን ሸፍኖት እንደ ነበር በሶሒሕ ሐዲስ ተዘግቧል። ሶሐባዎች ሲራቡ እሳቸውም ተርበዋል። ጠሪው ከተጠሪው ጋር አብሮ የቆፈረበት ጥሪ ነበር።

የዕውቀት አገልግሎትም እንዲሁ ነው። ከበድር ጦርነት በኋላ ከተማረኩት ቁረይሾች መካከል ቤዛ የሚከፍለው ገንዘብ ያልነበረው፣ ነገር ግን መጻፍ የሚያውቅ ሰው፣ አሥር የመዲና ልጆችን መጻፍ አስተምሮ ነጻ እንዲወጣ መደረጉን የሲራ ጸሐፊዎች ያወሳሉ። ጦርነት ካመጣው ምርኮኛ እንኳ ትምህርት ተወሰደ።

ወደ አገራችን ስንመጣም ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ጅጌን ያውቃል። ባሏ የሞተባት ሴት ማሽላዋ ሳይታጨድ ሲቀር ጎረቤት ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ማንም ደብዳቤ አልጻፈለትም። ቅሬም እንዲሁ ነው፤ ቀብር ሲኖር የሚቆፍረውም፣ ድንኳን የሚተክለውም፣ ውኃ የሚቀዳውም ሳይከፈለው ነው። እንግዲህ ማገልገልን መንግሥት ለእኛ አላስተዋወቀንም። መንግሥት የሚያደርገው ይህን የቆየ ጠባይ በአዋጅና በመዝገብ ወደ አገር ደረጃ ማሳደግ ነው። ጥያቄው ሲያሳድገው ምን ይጨምርበታል፣ ምንስ ይቀንስበታል የሚለው ነው።

በአገራችን የታዩት ጥሪዎች

በዘመናዊ ታሪካችን ወጣቱ ብዙ ጊዜ ተጠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ዲግሪያቸውን ከመቀበላቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው እንዲያገለግሉ ደነገገ። አብዛኞቹ በየአውራጃው በመምህርነት ሠሩ። ብዙ የገጠር ልጅ የመጀመሪያ የሳይንስ መምህሩን ያገኘው በዚያ አገልግሎት ነው። ጊዜው የተወሰነ፣ ሥራው የታወቀ፣ መመለሻው የተቆረጠ ነበር።

ከዚያ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን አወጀ። 60,000 ያህል የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። መሃይምነትን ሊያጠፉ፣ ጤና ሊያስተምሩ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲወጣ ደግሞ ገበሬውን ሊያደራጁ ነበር። መልካም ሥራ ተሠርቷል። ነገር ግን ወጣቱ በፈቃዱ አልተጠየቀም፤ ያልዘመተ ትምህርቱን ሊቀጥል አይችልም ነበር። በየቦታው ከባለ መሬቶችና ከባለ ሥልጣናት ጋር በተነሣው ግጭትም ሕይወታቸውን ያጡ አሉ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከሁሉም ይልቅ ፍሬው የታየ ነው። ትምህርቱ በ15 የአገሪቱ ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ዛሬ በየመንደሩ «ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው» የሚሉ አዛውንቶች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዷ የእኔ አያት ነበሩ። ስማቸውን ጽፈው ባሳዩን ቀን የነበራቸው ደስታ ከሕፃንነቴ ከማስታውሳቸው ነገሮች አንዱ ነው።

በ1975 ዓ.ም. ግን የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 የሆኑ ዜጎች ስድስት ወር እንዲሠለጥኑና ሁለት ዓመት እንዲያገለግሉ፣ ከዚያም እስከ 50 ዓመታቸው በተጠባባቂነት እንዲያዙ የሚደነግግ ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ዕድሜም ጊዜም የተወሰነለት ሕግ ይመስላል። በተግባር ግን ቀበሌና የገበሬ ማኅበር ኮታ ተሰጣቸው። ኮታውን ለመሙላት ወጣቱ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከእርሻ ታፈሰ። ዘመድ ወይም ገንዘብ ያለው ልጁን አስቀረ፤ የድሀ ልጅ ሄደ። ሁለት ዓመት ያለው አዋጅ ጦርነቱ ባላለቀ ቁጥር ረዘመ። የእኒህ እናት ወንድም ከእነዚያ አንዱ ነው። እንግዲህ አዋጁ ያልጻፈውን አፈሳ ሕዝቡ ያስታውሳል፤ አዋጁ የጻፈውን ሁለት ዓመት ግን የሚያስታውስ የለም።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱ ሠራዊት በፈቃደኝነት የሚመለመል ሆኗል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 18 ማንም ሰው በግዳጅ እንዲሠራ ማድረግን ይከለክላል። በሕሊናው ምክንያት ውትድርናን የማይቀበል ሰው በምትኩ ሌላ አገልግሎት ሊሰጥ የሚችልበትን ሁኔታም ታሳቢ ያደርጋል። አንቀጽ 87 ደግሞ ሠራዊቱ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲሠራ ያዛል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መንግሥት ዕድሜውና አቅሙ የሚፈቅድለት ሁሉ ሠራዊቱን እንዲቀላቀል ጥሪ አቀረበ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲሰበስቡ ተወሰነ። እኔም ተማሪዎቼን ይዤ ወጣሁ። የሁለት ልጆቿ አባት የዘመተባት አንዲት ሴት ጤፍ አጨድን። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ማጭድ ይዘው አያውቁም ነበር፤ አንዱ ጣቱን ቆርጦ ሴትዮዋ በነጠላዋ ጫፍ አሰሩለት። ማታ ስንመለስ ልጆቹ በክፍል ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ ይልቅ ዝም ብለው ነበር። በዚያች ሳምንት የተማሩትን እኔ በአንድ ዓመት አላስተማርኳቸውም። ያ ጦርነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በተፈረመው ስምምነት ተገታ። ያጨድንላት ሴት ባል ይመለስ አይመለስ ግን አልሰማሁም።

ከጦር መሣሪያ ውጭም ጥሪዎች አሉ። በ2013 ዓ.ም. በሰላም ሚኒስቴር አማካይነት የተጀመረው የበጎ ፈቃድ ማኅበረሰብ አገልግሎት ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ወጣቶች ሠልጥነው ከተወለዱበት አካባቢ ውጭ ሄደው እንዲያገለግሉ የሚያደርግ ነው። በየክረምቱም ወጣቶች የአረጋውያንን ቤት ሲያድሱ፣ ደም ሲለግሱ፣ ችግኝ ሲተክሉ፣ ታናናሾቻቸውን ሲያስጠኑ እናያለን።

በሌላ በኩል የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2017 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ ቦታዎች ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን ጨምሮ ሰዎች ያለ ፈቃዳቸው ለውትድርና ምልመላ መያዛቸውን፣ ለማስለቀቅም ገንዘብ የተጠየቁ መኖራቸውን ገልጿል። ይህን ስናነብ የ1981 ዓ.ም. ገበያ ትዝ ይለናል። ሕጉ ፈቃደኝነት እያለ አሠራሩ አፈሳ ከሆነ፣ መንግሥት የሚያጣው የተያዙትን ልጆች እምነት ብቻ አይደለም፤ በፈቃዱ ሊመዘገብ ያሰበውንም ልጅ እናቱ እንድትደብቀው ያደርጋል።

ከሌሎች ምን እንማራለን?

ጎረቤታችን ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1995 ያወጣችው የብሔራዊ አገልግሎት አዋጅ 18 ወር ብቻ የሚል ነበር፤ ስድስት ወር ሥልጠና፣ አሥራ ሁለት ወር አገልግሎት። ከ1998–2000 እ.ኤ.አ. ከእኛ ጋር በተደረገው ጦርነት የተጠራው ወጣት ግን ጦርነቱ ሲያልቅ አልተሰናበተም። አገልግሎቱ ገደብ የሌለው ሆነ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም የመጨረሻ ዓመታቸውን በሳዋ የሥልጠና ሠፈር እንዲጨርሱ ተደረገ። ብዙ ወጣት በበረሃና በባሕር አገሩን ጥሎ የሄደበት አንዱ ዋና ምክንያት ይህ ነው። አገሩን እንዲወድ የተጠራ ወጣት ከአገሩ ሸሸ።

ናይጄሪያ ደግሞ ከእርስ በርስ ጦርነቷ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣቶች ብሔራዊ አገልግሎት አቋቋመች። ዕድሜው ከ30 ያልበለጠ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አንድ ዓመት ከትውልድ ክልሉ ውጭ ያገለግላል። ሐሳቡ የሰሜኑ ሙስሊም የደቡቡን ክርስቲያን፣ የደቡቡም የሰሜኑን በዓይኑ አይቶ እንዲያውቀው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ሰዎችን በሕዝብና በጎሣ ያደረገን እንድንተዋወቅ መሆኑን በሱረቱል ሑጁራት ከነገረን ጋር የሚሄድ ዓላማ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2011 ከምርጫ በኋላ በተነሣ ሁከት በምርጫ ሥራ ላይ የተሰማሩ የአገልግሎቱ ወጣቶች ተገድለዋል። ወጣትን ወደማያውቀው አገር የሚልክ መንግሥት ጥበቃውንም አብሮ መላክ አለበት።

ዲናችን ያስቀመጠው ሚዛን

እንግዲህ በክፍል ውስጥ ሳልናገረው የቀረሁት ግማሽ ይህ ነው።

አንደኛ፣ ዕድሜ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ለኡሑድ ዘመቻ ሲቀርብ ገና 14 ዓመቱ ነበርና ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አልተቀበሉትም። በኸንደቅ ጊዜ 15 ዓመት ሲሞላው ተቀበሉት። ልጁ ጓጉቶ ነበር፤ ጠላትም ደጃፍ ላይ ነበር። ቢሆንም የልጅ ጉጉት ፈቃድ ተደርጎ አልተቆጠረም። በዛሬው ሕጋችን መስፈርቱ 18 ዓመት ነው። የልጁን ዕድሜ ጨምሮ የሚጽፍ የቀበሌ ሠራተኛም ሆነ ወላጅ አማናውን አጉድሏል።

ሁለተኛ፣ ወላጅ። አንድ ሰው ለመዝመት ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲመጣ መጀመሪያ የተጠየቀው ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ነው። አሉ ሲል ትግሉን በእነሱ ላይ እንዲያደርግ ወደ እነሱ መለሱት። የታጠቀ ጠላት በነበረበት ዘመን ይህ ከሆነ ሰነዱን ፍራሽ ሥር ደብቆ የሚሄድ ልጅ ምን ይባል?

ሦስተኛ፣ ጊዜ። ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ሌሊት ሲዘዋወሩ ባሏ የዘመተባት ሴት በናፍቆት ስታንጎራጉር ሰምተው፣ ልጃቸውን ሐፍሷን (ረ.ዐ.) ሴት ከባሏ ተለይታ ምን ያህል ልትታገሥ እንደምትችል ጠየቋት። በመልሷ መሠረት ወታደር ከቤተሰቡ የሚለይበትን ጊዜ ወሰኑ። ዘገባዎቹ በአራትና በስድስት ወር መካከል ይለያያሉ። እዚህ ላይ ልብ እንበል፤ የጦሩን ፖሊሲ ያስለወጠችው ቤቷ የተቀመጠች አንዲት ሴት ናት። አገልግሎት የሚለካው በጦር ሠፈሩ ብቻ ሳይሆን በቤቱም መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

አራተኛ፣ ማን ይቅር? ቁርኣን በሱረቱል ፈትሕ ዕውሩን፣ አንካሳውንና በሽተኛውን ከዘመቻ ነጻ አድርጓል። በሱረቱ ተውባም ምእመናን በሙሉ መውጣት እንደሌለባቸው፣ ከየወገኑ ዲንን የሚማርና ሲመለሱ የሚያስተምራቸው ሊቀር እንደሚገባ አመልክቷል። ስለዚህ የቀረ ሁሉ ፈሪ አይደለም። መምህሩም፣ ሐኪሙም፣ አሮጊት እናቱን የሚጦረውም በአገልግሎት ላይ ነው።

አምስተኛ፣ የመታዘዝ ወሰን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የላኩት አንድ የጦር መሪ በጭፍሮቹ ተቆጥቶ እሳት አስነደደና ግቡ አላቸው። እነሱም አመነቱ፤ ከእሳት ለመዳን አይደል ወይ ነቢዩን የተከተልነው ተባባሉ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገር ቢገቡ ኖሮ ከዚያ እንደማይወጡ፣ መታዘዝ በመልካም ነገር ብቻ መሆኑን አስተማሩ። ዩኒፎርም የለበሰ ሙስሊም ያልታጠቀን ሰው ግደል፣ ቤት አቃጥል፣ ዝረፍ ቢባል የሚመልሰውን ዛሬ ቤቱ ሳለ ማወቅ አለበት። በቂያማ ቀን «አለቃዬ አዞኝ ነው» የሚል ወረቀት አይሠራም።

ቤተሰብ ምን ይጠይቅ?

ከዚህ ተነሥቶ ልጁ ወይም ልጅቷ ልትመዘገብ ያሰበች ቤተሰብ እነዚህን ጥያቄዎች ቢጠይቅ እመክራለሁ።

1ኛ. ኒያው ምንድነው? ደመወዝ መፈለግ ሐራም አይደለም፤ ቤተሰብ ለመርዳት መሥራት ራሱ ሰደቃ ነው። ነገር ግን ልጁ የሚሄደው ፈተና ስለ ወደቀና ጓደኞቹን ስላፈረ ብቻ ከሆነ ለኀፍረቱ ሌላ መድኃኒት ይፈለግለት።

2ኛ. ጊዜው ስንት ነው? የመመለሻው ቀንና የስንብቱ ደንብ በጽሑፍ ይታይ።

3ኛ. ቢጎዳ ወይም ቢሞት ቤተሰቡ በማን፣ በምን ያህል ጊዜ ይነገረዋል? ካሳውና ጡረታውስ? ይህን መጠየቅ ሟርት አይደለም። ከመሄድ በፊት ዕዳን መጻፍና ወሲያ መተውም ሱንና ነው።

4ኛ. ሶላቱ፣ ጾሙ፣ ሐላል ምግቡ እንዴት ይሆናል? ለሴት ልጆቻችን ደግሞ ሒጃባቸው፣ ማደሪያቸውና የጉዞ አጃቢያቸው? ብዙ ጊዜ ችግሩ ክልከላ ሳይሆን ቀድሞ ያለመጠየቅ ነው። በጀማዓ ቀድመን ብንጠይቅ መልስ ይገኛል፤ ልጅቷ ሠፈሩ ከገባች በኋላ ብቻዋን ብትጠይቅ ግን ትቸገራለች።

5ኛ. ቅርብ ያለውስ አገልግሎት? አንዳንዱ ልጅ ሩቅ ሄዶ አገር ሊያገለግል ይነሣል፤ የጎረቤት አሮጊት ግን ውኃ የሚቀዳላቸው አጥተው ይውላሉ።

መንግሥትንም የምንለው አለን። ወጣቱን ጥሩት፤ ግን ስትጠሩት የባለ ሥልጣኑም ልጅ ይምጣ። በኸንደቅ አፈር የተሸከመው መሪው ነው። ኮታ ለቀበሌ አትስጡ፤ ኮታ አፈሳን ይወልዳልና። የጠፋውን ፈልጉ፣ የሞተውንም አርዱ። መርዶ መራራ ነው፤ አለመርዳት ግን ከዚያ ይብሳል፤ ውርሱንም ኒካሑንም የእናትንም እንቅልፍ አንጠልጥሎ ያስቀራልና።

መጨረሻው

እኒያ እናት ያን ማታ አልተቀመጡም። በማግሥቱ ከጁሙዓ በኋላ ግን ልጁን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ፤ ሦስታችን ተነጋገርን። መጀመሪያ እኔ አውፉ አልኳቸው፤ ልጁንም ከእናቱ ፊት፣ «ግማሹን ነው የነገርኩህ» አልኩት። ከዚያ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ በተራ ነገርኩት። የአጎቱን ታሪክ እናቱ ሙሉ በሙሉ ነግረውት አያውቁም ነበር፤ ያን ቀን ነገሩት። ልጁ ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ ቆየና፣ «እማ፣ የሱ ድርሻ መሬት ለዚህ ነው የማይታረሰው?» አላቸው። «አዎ» አሉት።

የተስማሙት እንዲህ ነው። ልጁ ፈተናውን አንድ ጊዜ ደግሞ ይሞክራል። እስከዚያ ክረምቱን ከበጎ ፈቃደኞች ጋር የአረጋውያን ጣሪያ ያድሳል፤ ማታ ማታ ደግሞ መድረሳ እየመጣ ትንንሾቹን ፊደልና አሊፍ ያስቆጥርልኛል። ዓመቱ ሲያልቅ ሐሳቡ ካልተለወጠ፣ እናቱ እንዳሉት፣ «በቀን ብርሃን፣ በበሩ፣ ዱዓ አድርጌ እሸኘዋለሁ፤ ተደብቆ ግን አይሄድም።» ከዚህ የተሻለ ሚዛን እኔም አላውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ገብቼ ስለ 1967 ዓ.ም. ያስተማርኩትን ምዕራፍ እንደገና ከፈትኩና ለአዲሶቹ ተማሪዎቼ ሁለቱንም ግማሽ ነገርኳቸው። አገርን ማገልገል፣ ኒያው ከተስተካከለ፣ ዒባዳ ነው። ዒባዳ ደግሞ እንደ ሶላት ሁሉ ጊዜም፣ መስፈርትም፣ ወሰንም አለው።

ያ አላህ፣ የጠፉትን ልጆች ወደ እናቶቻቸው መልስ፤ የሞቱትን ማራቸው፤ ያሉትን ጠብቃቸው። አገራችንን ሰላም፣ መሪዎቻችንን አማና ጠባቂ አድርጋቸው። አሚን።

በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።